ሰርተፊኬት አለኝ፣ ኮድ መጻፍ ግን አልችልም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የኮዲንግ ስልጠናን የሚመለከቱ ናቸው። አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ የተሰጠው ተመሳሳይ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ስለመጣ ነው። የማሰልጠኛዎቹን ስም አላተምንም።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። “በሦስት ወር ፉል ስታክ ዴቨሎፐር ይሁኑ” (የድረ ገጽን የሚታየውንም የማይታየውንም ክፍል የሚሠራ ባለሙያ) የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አይቼ 24 ሺህ ብር ከፍዬ ተመዘገብኩ። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ነበር። 32 ተማሪዎች ነን፣ ኮምፒውተሩ 17 ስለሆነ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንቀመጠው። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፤ ግን ፕሮጀክተር ላይ እየጻፈ ይሄዳል፣ እኛ እየተከተልን እንገለብጣለን። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ቡትስትራፕ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሪአክት፣ ኖድ፣ ሞንጎዲቢ፤ ሁሉንም “ጨርሰናል”። ክፍል ውስጥ የሠራሁት ሁሉ ይሠራ ነበር። ቤቴ ባዶ ፋይል ስከፍት ግን ከምን እንደምጀምር እንኳ ግራ ይገባኛል። ከማስታወሻው ኮፒ አድርጌ ስለጥፈው ስህተት ይላል። በአማርኛ የጻፍኩት ስሜ ሳይቀር ብሮውዘሩ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። አሁን “አድቫንስድ” የሚሉት ሁለተኛ ዙር በ18 ሺህ ብር ተመዝገቢ እያሉኝ ነው። ጭንቅላቴ ለኮዲንግ አይሆንም ማለት ነው ወይስ ልመዝገብ? የከፈልኩትንስ ማስመለስ ይቻላል?
ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ሁለተኛውን ዙር አትመዝገቢ። ቢያንስ ከዚህ በታች ያለውን ፈተና ለብቻሽ እስክትወጪው ድረስ ብሩ እጅሽ ላይ ይቆይ።

ወደ ጭንቅላትሽ ከመሄዳችን በፊት ሰዓቱን እንቁጠር። በሳምንት 6 ሰዓት፣ በ12 ሳምንት 72 ሰዓት ይመጣል። የዘረዘርሻቸው ሰባት ትምህርቶች ናቸው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የደረሰው 10 ሰዓት ገደማ ነው። ኮምፒውተሩን ለሁለት ስለተካፈላችሁ ደግሞ እጅሽ ኪቦርድ ላይ ያረፈው የዚያ ግማሽ ነው፤ ለጃቫስክሪፕት ብቻውን 5 ሰዓት። መብራት የጠፋበትንና በዓል የዋለበትን ቀን አልቀነስንም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነፃ የሚያስተምረው ፍሪኮድካምፕ የተባለው ድረ ገጽ ለአንዱ ሰርተፊኬት ብቻ ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው ግምት 300 ሰዓት ያህል ነው። በ5 ሰዓት ጃቫስክሪፕት ያልገባው ሰው ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ ሰባቱን በ72 ሰዓት አስተምራለሁ ያለው ሲላበስ ላይ ነው።

“ክፍል ውስጥ የሠራሁት ሁሉ ይሠራ ነበር” ያልሽው ቃል ዋናውን ነገር ይዟል። እዚያ ማሽኑ ላይ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተጭኗል፣ ፎልደሩ ተስተካክሏል፣ አሰልጣኙ የሚጽፈውን ኮድ ከዚያ በፊት በነበሩት ባቾች ላይ ደጋግሞ አስተካክሎታል። ስህተቱን በሙሉ እሱ አስቀድሞ በልቶታል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የመጣ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ጋቢና ተቀምጦ ሾፌሩን ቢያይ መንገዱን ያውቀዋል፣ ፍሬንና ፍሪሲዮኑን ግን አያውቀውም። አንድ ፕሮግራመር የቀኑን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው የማይሠራ ነገር ለምን እንደማይሠራ በመፈለግ ነው፤ አንቺ የተከለከልሽው ይኸው ክፍል ነው።

አሁን ፈተናው። ማስታወሻሽን ዝጊ፣ ኢንተርኔቱን አጥፊ፣ ባዶ ፋይል ክፈቺ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ0 እስከ 23 ያለ ሰዓት ተቀብሎ በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ፕሮግራም ጻፊ። 13 ሲሰጠው 7፣ 6 ሲሰጠው 12፣ 3 ሲሰጠው 9 ማለት አለበት። በቃል ሲነገር ስድስት መቀነስ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን እንዲህ ይሰበራል።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከጻፍሽው መጀመሪያ “ታይፕ ኤረር” ይመጣብሻል። ተጠቃሚው የጻፈው 13 ለፓይተን ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ስለሆነ፣ ከጽሑፍ ላይ 6 አልቀንስም ይልሻል። ወደ ቁጥር ስትቀይሪው 13 በትክክል 7 ይሆናል። ቀጥሎ 6 ስትሰጪው 0 ይላል፤ ዜሮ ሰዓት የሚባል ስለሌለ መልሱ ዜሮ ከሆነ 12 በል የሚል የ“ኢፍ” መስመር ያስፈልጋል። ከዚያ 3 ስትሰጪው ከዜሮ በታች 3 ይወጣል። እዚህ ላይ መልሱን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ይረዳል፤ ፓይተን ላይ ቀሪው 9 ይሆናል፣ ጉዳዩም ያልቃል።

ጃቫስክሪፕት ላይ ከሞከርሽው ግን ያው ስሌት አሁንም ከዜሮ በታች 3 ይሰጥሻል። ሁለቱ ቋንቋዎች ከዜሮ በታች ያለን ቁጥር ሲያካፍሉ የቀሪውን ምልክት የሚይዙበት መንገድ ይለያያል። መፍትሔው 6 ከመቀነስ ይልቅ 6 መደመር ነው፤ በ12 ሰዓት ዑደት ውስጥ ሁለቱ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ነገር ግን ወደ ቁጥር ሳትቀይሪ ከደመርሽ ጃቫስክሪፕት “13” የሚለውን ጽሑፍና 6ን አጣብቆ 136 ያደርገዋል። የ136 ቀሪ ለ12 ሲካፈል 4 ነው። 13 አስገብተሽ 4 ሰዓት ይልሻል፤ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ። ከሁሉም ስህተት የሚከፋው ይህ ዓይነቱ ነው፤ የሚያዘው ደግሞ መልሱን አስቀድመሽ በወረቀት ካሰብሽው ብቻ ነው።

ይህን ለመጨረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢፈጅብሽ ደህና ነሽ። ግማሽ ቀን ፈጅቶ ካልሆነ፣ የጎደለሽ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም)፣ ኢፍ (እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ)፣ ሉፕ (ድግግሞሽ) እና ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዝ ጥቅል) የሚባሉት አራቱ መሠረቶች ናቸው። “አድቫንስድ” የሚባለው ዙር እነሱን ወደ ኋላ ተመልሶ አያስተምርም፤ ታውቂያቸዋለሽ ብሎ ነው የሚነሳው።

ቤትሽ ያጋጠሙሽ ችግሮች አብዛኞቹ ከኮዱ ይልቅ ከማሽኑና ከማስታወሻው የሚመጡ ናቸው። ከማስታወሻ ኮፒ ያደረግሽው የማይሠራው ማስታወሻው በወርድ ተጽፎ በፒዲኤፍ ስለተላከ ይመስለናል። ወርድ ቀጥ ያለውን የትምህርተ ጥቅስ ምልክት ለውበት ብሎ ወደ ጎባጣ ይቀይረዋል፤ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጃቫስክሪፕትም ሆነ ፓይተን “የማይፈቀድ ፊደል” ዓይነት ስህተት ብለው የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ጥቅሶቹን ሰርዘሽ በእጅሽ ጻፊያቸው። ፒዲኤፍ ደግሞ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ ይበላል፤ ፓይተን በዚያ ክፍት ቦታ ስለሚመራ “ኢንደንቴሽን ኤረር” ይላል። ጓደኛሽ በቴሌግራም ኮድ ሲልክልሽ ፋይሉን ራሱን እንዲልክ ጠይቂው። ሌላው ወጥመድ የአማርኛ ኪቦርድ ሳይዘጋ ኮድ መጻፍ ነው፤ የእኛ ድርብ ሰረዝ ከፈረንጁ ሴሚኮለን ጋር ይመሳሰላል፣ ጃቫስክሪፕት ግን አያውቀውም።

የስምሽ ፊደል የተበላሸው ገጹ በምን ዓይነት የፊደል አጻጻፍ (ኢንኮዲንግ) እንደተቀመጠ ለብሮውዘሩ ስላልተነገረው ነው። በኤችቲኤምኤሉ “ሄድ” ክፍል ውስጥ፣ ከርዕሱም በፊት፣ የ“ሜታ ቻርሴት” መስመር አስገቢና ዩቲኤፍ 8 በዪው፤ የአማርኛን ፊደል የሚይዘው አጻጻፍ ይህ ነው። መስመሩ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት ስላለበት ወደ ታች አትውሰጂው። ፋይሉም ራሱ በዩቲኤፍ 8 መቀመጡን ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ ከታች በቀኝ በኩል ያሳይሻል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችን እግረ መንገድ አረጋግጪ። ዊንዶውስ የፋይልን ቅጥያ ስለሚደብቅ በኖትፓድ ያስቀመጥሽው ኤችቲኤምኤል ከኋላው “ቲኤክስቲ” ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል፤ በፋይል ኤክስፕሎረር “ቪው” ውስጥ ቅጥያ እንዲታይ አድርጊ። ፓይተንን ስትጭኚ ደግሞ በመጀመሪያው መስኮት ግርጌ ያለችውን “ወደ ፓዝ ጨምር” የምትል ትንሽ ሳጥን ካላመለከትሽ፣ ትእዛዙን ስትጽፊ ዊንዶውስ ማይክሮሶፍት ስቶርን ይከፍትልሻል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

ስህተት ሲመጣ ከላይ ጀምረሽ አታንብቢ። ፓይተን ላይ የመጨረሻው መስመር ምን እንደተፈጠረ ይነግርሻል፤ ከእሱ በላይ ያለው የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር እንደሆነ። የተባለው መስመር ምንም ካልሆነ ከእሱ በላይ ያለውን እዪ፤ ያልተዘጋ ቅንፍ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቀጣዩ መስመር ላይ ሲደረስ ነው። ብሮውዘር ላይ ኤፍ 12 ተጭነሽ “ኮንሶል” የሚለውን ካልከፈትሽ ጃቫስክሪፕት ስህተቱን አያሳይሽም። ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ነው የምታዪው።

ለቀጣዩ ሁለት ወር ሪአክትን፣ ኖድንና ሞንጎዲቢን እርሺያቸው። ሂሳብ ስለተማርሽ ፓይተንን ብትይዢ እንመርጣለን። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት ብትሠሪ ያው 72 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ሁሉም በአንቺ እጅ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ለአራቱ መሠረቶች ስጫቸው፤ በየቀኑ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከባዶ ፋይል። ቀጥሎ ዝርዝሮችንና ዲክሽነሪን (ስምን ከዋጋው ጋር አጣምሮ የሚይዘውን) ያዢ፣ ከዚያ ፋይል ማንበብና መጻፍን። በስድስተኛው ሳምንት የደመወዝ መክፈያ ሥሪ፦ የአሥር ሠራተኞች ስምና ደመወዝ ከፋይል ያነባል፣ የሠራተኛውን 7 በመቶ ጡረታ ይቀንሳል፣ የሥራ ግብሩን በየእርከኑ ያሰላል፣ የተጣራውን ወደ ሌላ ፋይል ይጽፋል። ይህን የመረጥነው መልሱን በኤክሴል አስልተሽ ማመሳከር ስለምትችዪ ነው። ኮዱ ሲሳሳት አሰልጣኝ ሳያስፈልግሽ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፤ ስሞቹን በአማርኛ ከጻፍሽ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ፋይሉን ሲከፍት ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በግልጽ ካልነገርሽው ሊያቆም ወይም ፊደሉን ሊያበላሽ ይችላል። የወጣውን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ የሠንጠረዥ) ፋይል ኤክሴል ሲከፍተውም ፊደሉን ያበላሸዋል። ለዚያ ዩቲኤፍ 8 ሲግ የሚባለውን አጻጻፍ ተጠቀሚ፤ ፋይሉ መነሻ ላይ ለኤክሴል የሚሆን ምልክት ያስቀምጣል። በሰባተኛው ሳምንት ጊትን (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበውን መሣሪያ) ተማሪና ሥራውን ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አድርጊው። ቀጣሪ ዘንድ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ይህ ይነበባል፤ በአካውንቲንግ ዲግሪ ላይ ሲጨመር ደግሞ ከብዙ አመልካች ይለይሻል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ሰው አልገባኝም ብሎ ክፍያ አይመለስለትም። መነሻ የሚሆነው የተነገረሽና የተሰጠሽ ነገር መለያየቱ ነው። የማስታወቂያውን ስክሪንሾት፣ ደረሰኙን፣ የተሰጠሽን የትምህርት ዝርዝርና የፈረምሽው ውል ካለ እሱን ሰብስቢ። “ለአንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር” ወይም “ሥራ እናስቀጥራለን” ተብሎ ተጽፎ ከሆነ በእጅሽ ጥሩ ማስረጃ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም እንዲሁ። መጀመሪያ ለተቋሙ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ደብዳቤውን ገቢ አስደርገሽ ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጊ። በቂ ጊዜ ሰጥተሽ መልስ ካጣሽ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። በግልጽ ለመናገር፣ ወረቀቱ ላይ 72 ሰዓትና ሰባት ትምህርት ተጽፎ ያንኑ ከሰጡሽ የማስመለሱ ዕድል ጠባብ ነው። ሌላ መንገድ አለ፦ ሁለተኛውን ዙር ከመክፈል ይልቅ የመጀመሪያውን በነፃ፣ ለብቻሽ ኮምፒውተር ይዘሽ እንድትደግሚ ጠይቂ። ተቋማት ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ወንበር መስጠት ይቀላቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ጨርሷል፤ ክረምቱን ኮዲንግ ካልተማርኩ እያለ ነው። ሦስት ቦታ ጠይቄ ሦስቱም “እኛ ነን የምንሻለው” አሉኝ። እኔ የእንጨት ሥራ ነው የማውቀው። ሳልታለል የምለየው እንዴት ነው? ላፕቶፕም ግዛልኝ ብሎኛል፤ ያገለገለ ይሆናል?
ከሀዋሳ

መልስ፦ አባታችን፣ ኮድ ሳያውቁ መለየት ይችላሉ። ከመክፈልዎ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለው ለማየት ይጠይቁ፤ የመክፈቻውን ቀን ሳይሆን ሳምንታት ያስቆጠረ ክፍል ይምረጡ። የማን እጅ ኪቦርድ ላይ እንዳለ ይመልከቱ። ተማሪው እጁን ሲያወጣ አሰልጣኙ ማውሱን ነጥቆ ራሱ ካስተካከለ ልጅዎ እዚያ የሚማረው ትንሽ ነው። “ስህተቱ ምን ይላል? አንብብልኝ” ካለው ግን ጥሩ ቦታ ላይ ነዎት። አንድ ሰው ለ15 ተማሪ መልስ ይደርሳል፤ ለ40 አይደርስም።

ቀጥሎ ያለፈውን ባች የመጨረሻ ሥራ አሳዩኝ ይበሏቸው። አምስቱን ጎን ለጎን ይክፈቱ። ሁሉም አንድ ዓይነት የሆቴል ወይም የልብስ መሸጫ ገጽ ሆኖ ስሙና ቀለሙ ብቻ ከተለያየ፣ ተማሪዎቹ የገለበጡት ከአንድ ሰሌዳ ነው።

የትምህርት ዝርዝሩ ያረጀ መሆኑን ልጅዎ ሊያጣራ ይችላል። ፓይተን እናስተምራለን ብለው “ፕሪንት” የሚለውን ያለ ቅንፍ ከጻፉት ያ ፓይተን 2 ነው፤ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። ሪአክትን “ክሪኤት ሪአክት አፕ” በሚባለው የሚያስጀምሩ ከሆነ የሪአክት ቡድን ራሱ በ2025 መጀመሪያ ላይ ለአዲስ ሥራ አትጠቀሙበት ብሎታል። ጃቫስክሪፕት ላይ በየቦታው “ቫር” ብቻ ካለ፣ “ሌት” እና “ኮንስት” ከመጡበት ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ ማስታወሻው አልተነካም ማለት ነው። አንዱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሦስቱም ከተገኙ ግን ይተዉት።

ኤአይን ስለመጠቀም ያላቸውን ደንብም ይጠይቁ። ለጀማሪ ቻትጂፒቲ ኮዱን ከጻፈለት ፕሮጀክተሩን በሌላ መልክ አገኘው ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስህተትን እንዲያብራራለት ብቻ ቢጠቀምበት ይበቃል።

ከሁሉም በፊት ግን በነፃ ይሞክር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጅዎ ሁለት ሳምንት ማንም ሳይገፋው ከተከታተለ ለክፍል ቢከፍሉለት አያስቆጭም። እንግሊዝኛው ከያዘው ደግሞ የክረምቱን ብር መጀመሪያ እዚያ ላይ ማዋል ይሻላል፤ የስህተት መልእክት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ክፍያውን በሁለት በሦስት ይክፈሉ፤ በመሃል ቢያቋርጥ ስንት እንደሚመለስ በወረቀት ይሁን።

ላፕቶፑ ያገለገለ ይሆናል። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማስቀመጫ ያስፈልገዋል፤ 256 ጊጋ ይበቃል። 4 ጊጋ ራምና የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ብሮውዘርና ቪኤስ ኮድ አንድ ላይ ሲከፈቱ ይቆማል፤ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮማ አይታሰብም። ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለ ኢንቴል ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ላይ ቆሟል። ሻጩ ርካሽ ያደረገልዎ ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሲስተም ከተጫነበት ግን ለኮዲንግ ጥሩ ዕቃ ነው። ሲገዙ ክዳኑን ደጋግመው ከፍተው ማጠፊያውን ያዳምጡ፣ ቻርጀሩን ነቅለው ግማሽ ሰዓት ያሠሩት። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ከባትሪው በላይ ዋጋ ያለው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላለን ሰዎች “አሁን ምንም አትከፍሉም፣ ሥራ ስትይዙ ከደመወዛችሁ” የሚል የኦንላይን ቡትካምፕ (አጭርና የተጠናከረ ስልጠና) እየተዋወቀ ነው። ጓደኛዬ ገብቶ ስድስት ወር ተምሮ ሥራ አላገኘም፤ ተናድዷል። እኔስ ልግባ?
ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

መልስ፦ ወንድማችን፣ “አሁን ምንም አትከፍልም” የሚለው ውል ዕዳ ነው፤ በስሙ አትዘናጋ። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ብሉምቴክ በተባለው፣ ቀድሞ ላምዳ ስኩል ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ላይ የወሰደው እርምጃ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ውል ተማሪው በሙያው ተቀጥሮ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሲያገኝ ከታክስ በፊት ካለው ደመወዙ 17 በመቶ ይከፍላል፣ እስከ 30 ሺህ ዶላር። 60 ሺህ ለሚያገኝ ሰው በወር 850 ዶላር ነው። ቢሮው እንዳለው ተቋሙ ከ71 እስከ 86 በመቶ ተመራቂ ሥራ ያገኛል ብሎ ሲያስተዋውቅ የውስጥ ቁጥሩ ወደ 50 በመቶ ይጠጋ ነበር፤ አንዳንዴም እስከ 30 ይወርድ ነበር። ድርጅቱ ብድር ከመስጠት ታገደ።

ስለዚህ “90 በመቶ ተቀጥረዋል” ሲሉህ ከስንት ሰው እንደሆነ ጠይቅ። የተመዘገቡት ሁሉ ተቆጥረዋል ወይስ የጨረሱት ብቻ? ቡትካምፑ ራሱ በረዳት አሰልጣኝነት የቀጠራቸውስ? “በሙያው” የሚለው ውስጥ የደንበኛ ስልክ መቀበል ገብቷል? ውሉ ላይ ደግሞ መክፈል የሚጀመርበትን ደመወዝ፣ ጣሪያውንና ካቋረጥክ የሚሆነውን ፈልገህ አስምርበት። በሜሪላንድ ለግል የሙያ ትምህርት ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ነው፤ የቡትካምፑ ስም ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ። የዩኒቨርሲቲ ማኅተም ማየትህ ብቻ አያሳምንህ፤ በዩኒቨርሲቲ ስም የሚሰጡ ብዙ ቡትካምፖችን ሲያካሂድ የነበረው ቱዩ የተባለው ኩባንያ በታኅሣሥ 2024 ከዚህ ሥራ እንደሚወጣ አስታውቋል።

ጊዜው ለጀማሪም ከባድ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ ስለቆዩ፣ ለስድስት ወር የሰለጠነው ጓደኛህ ልምድ ካለው ሰው ጋር ነው ለአንድ ቦታ የሚወዳደረው። ንዴቱ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱን በሙሉ ራሱ ላይ እንዳያደርግ ንገረው። አንተ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ቅርብህ ነው። የመግቢያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ አንድ ሴሚስተር ብቻ ውሰድ። ክሬዲቱ ወደ ዲግሪ ይቆጠራል፣ መስፈርቱን ካሟላህ ፔል ግራንት ለሚባለው የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከት ትችላለህ፣ ካልወደድከው የሚከተልህ ዕዳ የለም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ የተቀዳ የኮዲንግ ትምህርት ከነሰርተፊኬቱ በ150 ሪያል ይሸጣሉ፤ ልግዛ? በስልክስ መማር ይቻላል?
ከሳዑዲ ዓረቢያ

መልስ፦ እህታችን፣ አትግዢ። እንዲህ የሚሸጡ ቪዲዮዎች ብዙ ጊዜ ከዩቲዩብ የወረዱ ናቸው፤ የአንዱን ርዕስ ዩቲዩብ ላይ ፈልጊው፣ በነፃ ታገኚዋለሽ። የዚያን ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጠይቅሽ ቀጣሪ የለም።

በስልክ ፓይተን መጀመር ይቻላል። አንድሮይድ ከሆነ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን መተግበሪያ አውርጂ፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ነፃው ለጀማሪ ይበቃል። ማታ ሃያ ደቂቃ ካገኘሽ ሃያውንም ጻፊበት፤ ቪዲዮውን በእረፍት ቀንሽ እዪው። ፋይልሽን “ራንደም” ብለሽ አትሰይሚ፤ ፓይተን ውስጥ በዚያው ስም ያለውን ይሸፍንና ግራ የሚያጋባ ስህተት ያመጣል። ለመጀመሪያው ጊዜ የእቁብ መዝገብ ሥሪ፦ የአባላቱን ስም ይይዛል፣ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለ ይለያል፣ የተሰበሰበውን ይደምራል። ሉፕና ኢፍ የሚለመዱት እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

ድረ ገጽ መሥራት በስልክ ያደክማል፤ ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ቅንፍና ጥቅስ ለመጻፍ ኪቦርዱን ደጋግሞ መቀየር ያስፈልጋል። ኦቲጂ የምትባለውን ትንሽ መሸጋገሪያ ገዝተሽ ተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ ስልክሽ ላይ ብትሰኪ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ከመግዛትሽ በፊት ግን ስልክሽ ኦቲጂ መቀበሉን ሱቁ ውስጥ ሰክተሽ ሞክሪ፣ ሁሉም ስልክ አይቀበልም። የጻፍሽውን በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ በ“ሴቭድ ሜሴጅስ” ላኪው፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ሥራሽ ይቀርልሻል።